ድስት የማይቀመጥበት ሥዕል

አንድ ተረት ላውሳችሁ። ሰምታችሁ ስትጨርሱ ባትመልሱልኝም አልቀየምም።

በአንድ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ትርሲት የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ትርሲት የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው። አርብ ከትምህርት ቤት ያመጣችው ሥዕል፣ ቅዳሜ አባቷ ከመምጣቱ በፊት ግድግዳ ላይ እንዲሰቀልላት።

ለምን አትሉም? አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ምሳውን ይበላል፣ ስምንት ሰዓት ላይ ይሄዳል። ባለፈው ቅዳሜ ትርሲት ሌላ ሥዕል ነበራት፤ የአባቷ ፊት። ጠረጴዛው ላይ አድርጋው እጇን ልትታጠብ ሄደች። ስትመለስ የሽሮው ድስት ሥዕሉ ላይ ጉብ ብሏል። ድስቱ ሲነሳ መሃሉ ላይ ትልቅ ጥቁር ክብ ቀረ። አባቷ መጣና አየው፤ "ጎማ ሳልሽልኝ? ጎበዝ" አላት።

ድስቱን ማን አስቀመጠው? እናቷ "እኔ አይደለሁም" ብላለች። በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ሌላ የነበረው የስምንት ወር ወንድሟ ነው። ትርሲት ሁለቱንም ትጠረጥራለች።

ስለዚህ አዲሱን ሥዕል ለማንም አላሳየችም። ፊቱን ወደ ደረቷ አድርጋ፣ በሁለት እጇ እቅፍ አድርጋ ያዘችው። አርብ ማታም አቅፋው ተኛች። ሥዕሉ እንደ ሌላው ሥዕል ወረቀት ብቻ አይደለም። መምህርቷ "ከቤት ከሰፈር ሰው የማይፈልገውን ዕቃ ሰብስባችሁ አምጡ፣ በሙጫ እየለጠፍን እንሠራለን" ብላ ነበርና ካርቶን ላይ ቆርኪም፣ አዝራርም፣ ሌላ ሌላም ተለጥፎበታል። ይከብዳል። ቅዳሜ ጠዋት እናቷን ዓይኗን አስጨፍና በፕላስተር አስለጠፈቻት። ወዲያው ወደቀ። በፕላስተር የሚያዝ ዕቃ አልነበረም።

"ምስማርስ አለ" አለች እናቷ ሰናይት፣ ሕፃኑን አዝላ ወጡን እያማሰለች። "መዶሻ ነው የሌለን። ታች ጋሽ ወርቅነህ ጋ ሂጂና ተዋሺ። ማን ላከሽ ካሉሽ ማንም በዪ። የእኔን ስም ከሰሙ ደግሞ ምን አስባ ነው ይላሉ።"

ሥዕሉ ምስማር ይፈልጋል፣ ምስማሩ መዶሻ ይፈልጋል። ሰዓቱ አራት ተኩል ነው።

ትርሲት ሥዕሏን እንዳቀፈች አሥራ ስምንት ደረጃ ወረደችና አንደኛ ፎቅ አንኳኳች። ጋሽ ወርቅነህ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። በሩ በአንድ ጣት ስፋት ተከፈተና አንድ ዓይን ብቅ አለ።

"ማን ነው?"

"ትርሲት ነኝ።"

"ከማን ጋር ነሽ?"

"ብቻዬን።"

"ከኋላሽስ?"

ትርሲት ዞራ አየች። "ማንም የለም።"

"ደረትሽ ላይ የያዝሽው ምንድን ነው?"

"ሥዕል።"

"እስቲ አሳዪኝ።"

"አላሳይም። ድስት ይቀመጥበታል።"

ዓይኑ ጠበበ። የማይታይ ሥዕል ምን ዓይነት ሥዕል ነው?

"መዶሻ ያውሱኝ፣ ጋሼ።"

"መዶሻዬ ከዚህ ቤት አይወጣም። መሰላሌ ወጥቶ ቀርቷል። ዘነበች ናት አምፖል ልቀይር ብላ የወሰደችው፤ ከጥምቀት በፊት። አምፖል አራት ወር ይቀየራል? መሰላሌ ይምጣ፣ ያኔ መዶሻው ይወጣል።"

እንግዲህ ልብ በሉ። ሥዕሉ ምስማር ይፈልጋል፣ ምስማሩ መዶሻ ይፈልጋል፣ መዶሻው "መሰላሉ ካልመጣ አልወጣም" አለ። ትርሲትም ሥዕሌን አላሳይም አለች። ሰዓቱ አምስት ሆነ።

ትርሲት ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። እትዬ ዘነበች በበሩ ቀዳዳ ሲያዩ ቆይተው ከፈቱ። መሰላሉ ሳሎናቸው መሃል ቆሟል፤ ሁለት ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ ተሰጥቶበታል።

"ሰውዬው ነው የላከሽ፣ አይደል?" አሉ።

"እኔ ነኝ የመጣሁት። መሰላሉን ከሰጡኝ ጋሽ ወርቅነህ መዶሻ ይሰጡኛል።"

"አየሽ? ሰውዬው ነው የላከሽ። ያቀፍሽውስ ምንድን ነው? የእሱ ወረቀት ነው? ክስ ነው?"

"ሥዕል ነው።"

"እንግዲያው አሳዪኝ።"

"አላሳይም። ድስት ይቀመጥበታል።"

እትዬ ዘነበች ወደ ወጥ ቤታቸው ዘወር ብለው ድስታቸውን አዩ። ድስታቸው ደግሞ ምን አደረገ?

"ስሚ የኔ ልጅ" አሉ። "እኔ መሰላል መመለስ አያቅተኝም። ግን ሳፋዬን ያ ላይኛው ልጅ፣ ዮናታን፣ ለአንድ ቀን ብሎ ወስዶ አስቀርቶታል። እኔ ቀድሜ ብመልስ የብሎኩ ሞኝ ዘነበች ናት ይባላል። ሳፋዬ ይውረድ፣ መሰላሉም ይወርዳል።"

የዚህ ብሎክ አመል ይኼ ነው፣ ለማያውቅ ላስረዳ። መዋስን የሚፈራ የለም፤ ሁሉም ይዋሳል። የሚፈራው ቀድሞ መመለስ ነው። አንደኛ የመለሰ ሰው ባዶ እጁን ቀርቶ ሌላው ይስቅበታል ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ሁሉም ሁለተኛ መሆን ይፈልጋል።

ሥዕሉ ምስማር ይፈልጋል፣ ምስማሩ መዶሻ ይፈልጋል፣ መዶሻው "መሰላሉ ካልመጣ አልወጣም" አለ፣ መሰላሉ "ሳፋው ካልወረደ አልወርድም" አለ። ትርሲትም ሥዕሌን አላሳይም አለች። ሰዓቱ አምስት ተኩል ሆነ።

አራተኛ ፎቅ ላይ ዮናታን የጥርስ ብሩሹን ጎርሶ ከፈተላት። ዮናታን ወንደላጤ ነው። ሳፋው አልጋው አጠገብ ተቀምጧል፤ እስከ አፉ ውሃ ሞልቷል።

"እትዬ ዘነበች ናቸው የላኩሽ?" አለ አረፋውን ሳይተፋ።

"ማንም አልላከኝም። ለምንድን ነው ሁላችሁም ማን ላከሽ የምትሉት?"

"ሰው ካልተላከ አራት ፎቅ አይወጣማ። ምንድን ነው ያቀፍሽው?"

"ሥዕል።"

"አሳዪኝ።"

"አላሳይም። ድስት ይቀመጥበታል።"

"እኔ ድስት አንድ ብቻ ነው ያለኝ።"

"አንድም ይበቃል።"

ዮናታን ሄዶ ተጉመጥምጦ ተመለሰ። "ይኸውልሽ ትርሲትዬ፣ ሳፋውን መመለስ ጠልቼ አይደለም። ግን ውሃ የሚመጣው በሦስት ቀን አንዴ ነው። ይህን ብደፋ ምን ልጠጣ? የእኔ ጀሪካን ከደረጃው ሥር ያለው ዕቃ ቤት ውስጥ ተቆልፎበት ቀርቷል። ዘበኛው ቁልፍ ጠፋ ይላል። ይጠፋል እንዴ? እኔ እንጃ፤ በጀሪካኔ መኪና እያጠበበት ይሆናል። ጀሪካኔ ይምጣ፣ ሳፋውን እኔው ራሴ አወርደዋለሁ።"

ሥዕሉ ምስማር ይፈልጋል፣ ምስማሩ መዶሻ ይፈልጋል፣ መዶሻው "መሰላሉ ካልመጣ አልወጣም" አለ፣ መሰላሉ "ሳፋው ካልወረደ አልወርድም" አለ፣ ሳፋው "ጀሪካኑ ካልተገኘ ውሃዬን አልደፋም" አለ። ትርሲትም ሥዕሌን አላሳይም አለች። ሰዓቱ ስድስት ሆነ፤ የወጡ ሽታ ደረጃውን ይዞ ወጥቷል።

ትርሲት እስከ ምድር ቤት ወረደች። አባባ ሽብሩ፣ የብሎኩ ዘበኛ፣ የጥበቃ ቤታቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ ደብተር አለ፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ምን ይዞ ወጣ የሚጽፉበት።

"ሁለት ጊዜ ወረድሽ፣ አንድ ጊዜ ወጣሽ" አሉ ደብተሩን እያዩ። "አይ፣ ከዚያም ወጥተሻል። ምን እየተመላለስሽ ነው?"

"የዮናታንን ጀሪካን ይስጡኝ፣ አባባ።"

"ዕቃ ቤቱ ዝግ ነው። ቁልፉ ከረቡዕ ጀምሮ የለም።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ከዚህ ብሎክ ሰው ነው የወሰደው። ወርቅነህ ይሆናል፣ ዘነበች ትሆናለች፣ ዮናታንም ይሆናል። ነገ እሁድ ኮሚቴው ይሰበሰባል። ቁልፍ የጣለ ዘበኛ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ? ደህና ሁን ነው የሚባለው። ለመሆኑ ያቀፍሽው ምንድን ነው?"

"ሥዕል።"

ሥዕሉ ምስማር ይፈልጋል፣ ምስማሩ መዶሻ ይፈልጋል፣ መዶሻው "መሰላሉ ካልመጣ አልወጣም" አለ፣ መሰላሉ "ሳፋው ካልወረደ አልወርድም" አለ፣ ሳፋው "ጀሪካኑ ካልተገኘ ውሃዬን አልደፋም" አለ፣ ጀሪካኑ "በሩ ካልተከፈተ ከጨለማ አልወጣም" አለ፣ በሩ "ቁልፌ ካልመጣ አልከፈትም" አለ። ትርሲትም ሥዕሌን አላሳይም ልትል አፏን ከፈተች።

ግን ቆም አለች። የጥበቃ ቤቱን በዓይኗ ፈተሸች። አንድ ወንበር አለ። አንድ ሬዲዮ አለ። ካፖርት ተሰቅሏል። ወንበሩ ሥር አጎንብሳ አየች፤ ከካፖርቱ ኋላም አየች።

"ምን ትፈልጊያለሽ?" አሉ አባባ ሽብሩ።

"ድስት የለዎትም?"

"ምን ያደርግልኛል? ምሳ ዕቃዬ ናት ያለችኝ" ብለው ትንሽ ምሳ ዕቃ አሳዩዋት። ክዳኑ ጥብቅ ያለ ነው፤ ቀዝቃዛም ነው። ትርሲት በእጇ ነክታ አረጋገጠች።

ከዚያ ሥዕሏን ገልብጣ አሳየቻቸው።

ትልቅ ቤት ነው። ጣራው ቆርኪ በቆርኪ ነው፣ መስኮቶቹ አዝራሮች ናቸው፣ በሩ ቀይ ነው። በቀዩ በር መሃል ላይ በሙጫ የተለጠፈ ቁልፍ አለ። እውነተኛ ቁልፍ።

የአባባ ሽብሩ ደብተር ከጉልበታቸው ወደቀ።

"ይህን ማን ሰጠሽ?"

"ማንም። ደረጃው ላይ አገኘሁት።"

"አንስተሽ ዝም አልሽ?"

"ዝም አላልኩም። መጀመሪያ ቆሜ ጠበቅሁ። መምህርታችን ሰው የማይፈልገውን ዕቃ ነው አምጡ ያለችን። ሰው የሚፈልገው ከሆነ ብዬ ደረጃው ጥግ ተቀምጬ አየሁ። ጋሽ ወርቅነህ መጡ፣ አዩት፣ ዘለው አለፉት። እትዬ ዘነበች መጡ፣ አዩት፣ ወደ ኋላ ወደ ፊት ተገላመጡ፣ አለፉት። ዮናታን በእግሩ ገፋ አደረገውና አለፈ። ሦስቱም አልፈለጉትም። ከዚያ እኔ ወሰድኩት።"

አባባ ሽብሩ ደብተራቸውን አንስተው ሦስት ስም ጻፉ፤ ከዚያ መልሰው ሰረዟቸው።

"ቁልፉን ትሰጪኛለሽ?"

ትርሲት ሥዕሏን አየች። "ከወጣ በሩ ያለ ቁልፍ ይቀራል።"

"ካልወጣ ደግሞ ያኛው በር እንደተዘጋ ይቀራል። እኔም ከሰኞ ጀምሮ እዚህ አልቀመጥም።" ሊነጥቋት ይችሉ ነበር፤ ግን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ።

ትርሲት ሰዓቱን ጠየቀች። ስድስት ተኩል ሊሆን ነው። ደረጃውን ወደ ላይ አየች፤ ከዚያ ሥዕሉን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። "ካርቶኑ እንዳይቀደድ ቀስ ብለው" አለች።

አባባ ሽብሩ ከምሳ ዕቃቸው ማንኪያ አወጡና በእጀታው ጫፍ ቀስ እያሉ ፈለቀቁት። ቁልፉ ወጣ። ቀለሙ በዙሪያው ነበርና በቀዩ በር ላይ የቁልፍ ቅርጽ ያለው ባዶ ቦታ ቀረ።

እንግዲህ አሁን ተመልከቱ። ቁልፉ በሩን ከፈተ፣ በሩ ጀሪካኑን አወጣ፣ ጀሪካኑ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ የሳፋውን ውሃ ጠጣ፣ ሳፋው ወደ እትዬ ዘነበች ወረደ፣ ሳፋውን ያዩ እትዬ ዘነበች ብርድ ልብሱን አነሱ፣ መሰላሉ ወደ ጋሽ ወርቅነህ ወረደ፣ መሰላሉን ያዩ ጋሽ ወርቅነህ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ፣ መዶሻውም ወጣ። ግን ለብቻው አልወጣም። "የምን ሥዕል እንደሆነ እኔ ራሴ ማየት አለብኝ" ብለው ጋሽ ወርቅነህ ተከተሉት። እትዬ ዘነበች ደግሞ ሰውዬው ለምን እንደሚወጣ ለማወቅ ተከተሉ። ዮናታን እትዬ ዘነበችን ተከተለ።

ጋሽ ወርቅነህ ምስማሩን በሦስት ምት መቱት። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ሦስቱም ቆመው አዩት፤ የቁልፉን ቅርጽም አወቁት።

"ባነሳው ሌባ ነው የምባለው ብዬ ነው" አሉ ጋሽ ወርቅነህ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

"እኔም" አሉ እትዬ ዘነበች።

ዮናታን የጫማውን ጫፍ አየ።

ሰባት ሰዓት ላይ አባቷ ገባ። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሲያገኘው "ምን ሆናችሁ ነው?" አለ። ትርሲት በጣቷ ወደ ግድግዳው አሳየችው። አባቷ ቀረበና ቆርኪዎቹን ነካ ነካ አደረገ፣ ጣቱን በሩ ላይ አሳረፈ።

"ቤታችን ነው?"

"አዎ።"

"እዚህ ጋ ቁልፍ ነበር?"

"ባለቤቱ ወሰደው።"

"ታዲያ በሩስ?"

"ክፍት ነው" አለች ትርሲት። "ስትመጣ ዝም ብለህ ግባ።"

አባቷ ያን ዕለት ስምንት ሰዓት ላይ አልሄደም፤ ስምንት ተኩል ላይ ነው የሄደው።

ከመሄዱ በፊት ምሳ ሲቀርብ ሰናይት ትኩሱን ድስት ይዛ መጣች፤ የት ታስቀምጠው? ትርሲት ሮጣ የባለፈውን ሳምንት ሥዕል አመጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሰናይት ድስቱን ዝቅ አደረገች። ሳታይ፣ ሳትለካ፣ ጥቁሩ ክብ ላይ ልክክ ብሎ ገጠመ።

ትርሲት እናቷን አየቻት። እናቷ ወጡን አየች።

ተረቴ ደረጃውን ጨርሶ ወረደ። ቤታችሁ የጎረቤት ዕቃ ካለ መልሱ፤ ተረቱን ግን ያዙት።