የዕርቅ ድንጋዮች እንግዳ ተቀባይ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ በአንድ ንጉሥ ሥር በሚኖሩበት አገር፣ ኮረብታ ላይ የቆሙ ትላልቅ ድንጋዮች ነበሩ። የድሮ አያቶች ተጣልተው ተጣልተው ሲታረቁ፣ በየጎሳቸው አንዳንድ ድንጋይ ያቆሙበት ቦታ ነው ይባላል። የትኛው ድንጋይ የማን እንደሆነ ግን የሚያስታውስ አልቀረም። ይህን ለማየት ከቆላም ከደጋም የሚመጣው እንግዳ ሲበዛ፣ ንጉሡ አያ አንበሶ ሸንጎ ሰበሰበ።

«እንግዶቻችንን የሚቀበል በጎ ፈቃደኛ እፈልጋለሁ። ደመወዝ የለውም፤ ምርቃት ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን ስሙኝ። ዕርቅ በወረደበት ቦታ ደም የፈሰሰ ዕለት፣ ኮረብታውን በእሾህ አጥሬ እዘጋዋለሁ።»

ደመወዝ የለውም ሲባል ከሸንጎው ግማሹ ጆሮውን አከከ፤ ግማሹ ልጄ ታሞብኛል ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ወደ ፊት የወጣችው እመት አህያ ብቻ ነበረች።

«እኔ አለሁ፣ ንጉሥ ሆይ። ዕድሜዬን ሙሉ ስሸከም፣ ያየኝ ሁሉ ያየው ጀርባዬን ነው። እስቲ ደግሞ ፊቴን አይቶ ደህና ዋልሽ የሚለኝ ላግኝ።»

አያ አንበሶ ሳቁን ዋጥ አድርጎ መረቃት። ከጭነትም ነፃ አወጣት።

ሥራውን ወደደችው። በማለዳ ከምንጩ ውሃ በእንስራ ጭና ትወጣለች። ለመጣው ሁሉ «እንኳን ደህና መጣችሁ፤ እግራችሁን ታጠቡ፣ አረፍ በሉ» ትላለች። ችግሩ፣ እንግዳው አረፍ ብሎ ሲያበቃ «ይህ ድንጋይ የማን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እሷም «እሱን እንኳ አላውቅም» ትላለች። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። እንግዳው ያያታል፤ እሷ መሬት መሬቱን ታያለች።

እንግዶቹ ለቦታው ክብር ማር ይዘው ይመጡ ነበርና፣ አንድ ቀን እመት ቀበሮ ምራቋን እየዋጠች ብቅ አለች።

«እህቴ፣ እንግዳ አላውቅም የሚል አይወድም። አንቺ ውሃሽን ቅጂ፤ ወሬውን ለኔ ተይው። ቁርበት የሚያነጥፍላቸው ደግሞ አያ ጅቦ አለልሽ።»

«ጅብና ቁርበት?» አለች እመት አህያ።

«ኧረ አልበላውም ብሎ ምሎልኛል!»

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ የኛው ደግሞ በሚያውቁት አገር ላንጥፍ ብሎ መጣ። እመት አህያ ልቧ አላመነም። ነገር ግን አላውቅም ማለቱ አሳፍሯት ስለነበር እሺ አለች።

ቀበሮ ሥራ ጀመረች። ሁልጊዜ የምታሳየው ከሁሉ ረጅሙን ድንጋይ ነው። ጃርቶች ሲመጡ «ይህ የእናንተ ቅድመ አያት ሁሉን አሸንፎ ያቆመው ነው» ትላለች። ሚዳቋዎች ሲመጡ ያው ድንጋይ የሚዳቋ ይሆናል። እንግዳው ደረቱን ነፍቶ ይወርዳል፣ ማሩ ከቀበሮ ዘንድ ይቀራል። ዘዴው የሚበላሸው ሁለት ጎሳ አንድ ላይ የወጣ እንደሆነ ነው። ስለዚህ የቀደመው እስኪወርድ ድረስ፣ የኋለኛውን ከኮረብታው ሥር ቁርበት ላይ አስቀምጦ ማቆየት የአያ ጅቦ ድርሻ ሆነ።

እንግዲህ ጅብ ነው። መጀመሪያ ዳር ዳሩን ላሰ። በማግሥቱ ማን ያየኛል ብሎ ጫፉን ቆረጠመ። እመት አህያ «አያ ጅቦ፣ ይህ ቁርበት ምነው ጠበበሳ?» ብትለው፣ ከንፈሩን እየላሰ «ፀሐይ አኮማትሮት ነው» አላት።

አንድ ረፋድ ላይ ከርከሮዎች ከቆላ መጥተው ወደ ድንጋዮቹ ወጡ። ብዙም ሳይቆይ የገደል ዝንጀሮዎች ደረሱ። አያ ጅቦ የመጨረሻዋን ቁራጭ እያላመጠ ነበር።

«የት እንቀመጥ?» አሉ አዛውንቱ አባ ዝንጀሮ።

አፉ ሙሉ ስለነበር፣ ወደ ላይ በአፍንጫው አሳያቸው። ዝንጀሮዎቹም ወጡ። ሲደርሱ ቀበሮ ረጅሙን ድንጋይ እየዳበሰች «ይህ እንግዲህ የከርከሮ ነው» ትላለች።

«ምን አልሽ?» አሉ አባ ዝንጀሮ። «ለወንድሜ ልጆች የዝንጀሮ ነው ብለሽ ያሳየሻቸው ይህንኑ አልነበረም?»

አውራው ከርከሮ ዞረ። «የማን? አያቴ ያቆመውን?»

«አያትህማ ሥር ሲቆፍር ነው የሞተው።»

ከርከሮዎቹ ክራንቻቸውን አሾሉ፤ ዝንጀሮዎቹ ድንጋይ አነሱ። ቀበሮዋ ማሯን አንጠልጥላ ከቁጥቋጦው ገብታለች።

እመት አህያ ውሃዋን ጭና ስትወጣ ይህንን አየች። አንድ ጠብታ ደም ብቻ ቢፈስ ኮረብታው ይዘጋል፣ እሷም ወደ ጭነቷ ትመለሳለች። እንስራዋን እንደጫነች ሄዳ መካከላቸው ቆመች።

«ውሃ አምጥቻለሁ።»

«ዞር በይ» አለ ከርከሮው።

«አልዞርም። እንግዶቼ ናችሁ፤ ይህን ሁሉ መንገድ መጥታችሁ ውሃ እንኳ አልቀመሳችሁም።»

«እንግዲያው ንገሪን። ድንጋዩ የማን ነው?»

የሁላችሁም ነው ብላ ልትገላገል ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጠችው።

«አላውቅም። ቀበሮዋም አታውቅም። እኔ የማውቀው እናቴ የነገረችኝን ነው። እነዚህን ድንጋዮች ሁሉ ተሸክመው ያወጡት የኛ አያቶች ናቸው ብላኛለች። የማን የማን እንደሆኑ ግን አልነገረችኝም። ተሸካሚ የጭነቱን ባለቤት አይጠይቅም።»

ከርከሮው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የእናንተስ የቱ ነው?»

«የኛማ የለም። ለኛ ማን ይሸከምልን ነበር?»

ከዚያ አባ ዝንጀሮ የያዙትን ድንጋይ ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። ልጆቻቸውም አስቀመጡ። ከርከሮዎቹ ወደ ጥላው ሄዱ፤ ሁሉም በየተራ ጠጣ። ቀበሮ ከዚያ ወዲያ ወደ ኮረብታው ዝር አላለችም። አያ ጅቦም የሚያነጥፈው ቁርበት ስላለቀ ሥራ ለቀቀ።

እንስራው ባዶ ሲሆን እመት አህያ ምንጩ ወርዳ እንደገና ቀድታ ተመለሰች። ከኮረብታው ጫፍ ብቅ ስትል አባ ዝንጀሮ ብድግ አሉ። ከርከሮዎቹም ተነሡ።

«ኖር፣ እመት አህያ» አሏት ፊት ለፊት እያዩዋት። «ነይ፣ አጠገባችን አረፍ በይ።»

ለአህያ ከመቀመጫው የተነሣ እስከዚያ ቀን አልነበረም። መልሱን ታውቀዋለች፤ ግን ኖር ተብላ ስለማታውቅ ብላው አታውቅም። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«በእግዜር» አለች በመጨረሻ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ውሃውን ላድላችሁ።»

ከዚህ የምንማረው እንግዳን የሚያከብረው ደስ የሚለውን ውሸት የሚነግረው ሳይሆን፣ ውሃውን አቅርቦ የማያውቀውን አላውቅም የሚለው መሆኑን ነው።