የጨጎ ሴቶች አመድ

በጨጎ መንደር ክረምት ሲገባ ሴቶቹ ቅዳሜ ቅዳሜ የምድጃቸውን አመድ በአሮጌ እንቅብ ይዘው ይወጡና፣ ከገዛ ጓሯቸው አስቀድመው ለጎረቤታቸው ጎመን ያደርሳሉ። በአጥር ላይ መድፋት ነውር ነው፤ በበር ገብቶ፣ ባለቤቲቱን በስሟ ጠርቶ ነው። እንግዳ ሰው ሲያይ የፍቅር ነገር ይመስለዋል። አይደለም፤ ከቅናት የመጣ ነው፣ ያውም ከክፉ ቅናት።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ በጥንት ጊዜ የሁለት ወንድማማቾች ሚስቶች አንድ አጥር ለይቷቸው ይኖሩ ነበር። ታላቂቱ፣ የሰውዘር የምትባለው፣ አማቷን እሜቴ ብርቄን በቤቷ ትጦራለች፤ በዚህም በመንደሩ ትከበራለች። ታናሺቱ ማንጠግቦሽ ግን ከጓሮዋ ጎመን እየቀነጠሰች ለአማቷ ትልክ ጀመር። እሜቴ ብርቄም የየሰውዘርን ገበታ ከፊታቸው አስቀምጠው የማንጠግቦሽን ጎመን ያመሰግናሉ። የሰውዘር አንጀቷ አረረ።

ያን ጊዜ በሰው ጓሮ አመድ መድፋት ቤትሽ እንዲህ ይሁን ብሎ እንደ መራገም ነበርና፣ ሰው ሁሉ አመዱን ገደል ይጥል ነበር ይባላል። የሰውዘር ግን ማንጠግቦሽ ውሃ ስትወርድ እየጠበቀች በአጥሩ ላይ ትደፋው ጀመር። ማንጠግቦሽ አመዱን ስታይ ደነገጠች፤ አማቷ አይተው ቤቱ ተረግሟል እንዳይሉ ፈርታ ከፍግና ከረገፈ ቅጠል ጋር እየቀላቀለች አፈር ውስጥ ቀበረችው። ጎመኑ በመድረቅ ፈንታ ትሉ ጠፋለት፣ ቅጠሉም ሰፋ። የሰውዘር አመዱ ያነሰ መስሏት ጨመረች፤ በጨመረች ቁጥር ጎመኑ ያምራል፣ እሷ ትከሳለች። የራሷ ጎመን ከአጥሩ ወዲህ ቢጫ ሆኖ ቀረ።

በኋላ እሜቴ ብርቄ ከታናሺቱ ዘንድ ልክረም ብለው አልጋቸውን ሲያስወጡ የሰውዘር አልቻለችም። በማንጠግቦሽ በር ገብታ ከጎመኑ መሃል ቆመችና፣ በአማቷ ፊት አመዱን የደፋሁት እኔ ነኝ አለች።

ማንጠግቦሽ ከምትኮተኩትበት ቀና እንኳ አላለችም። «አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ብናገር ይተዉታል ብዬ ፈራሁ። እርስዎ እማማን ይዘው ሲኖሩ እኔስ አልቀናሁም?»

የሰውዘር እንባዋ መጣ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቀችም። «አመዴን መልሺልኝ» አለች።

አፈር የገባ አመድ እንዴት ይመለሳል? እሜቴ ብርቄ እንዲህ ፈረዱ ይባላል፤ ማንጠግቦሽ ከገዛ ምድጃዋ እየዛቀች በየቅዳሜው ለየሰውዘር ታድርስ፤ የየሰውዘር ጎመን እስኪያገግም ድረስ አልጋዬ ወደ እሷ ቤት ይመለስ። ማንጠግቦሽ ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምራ አመዱን ስታደርስ ከረመች። የሰውዘር ግን አመዱን ከአፈሩ ለማዋሃድ ብዙም አልቸኮለችም ይባላል።

ዛሬም በጨጎ አመድ የመጣላት ሴት እንቅቡን ተቀብላ ጎመኗ ሥር ታራግፋለች እንጂ እግዜር ይስጥልኝ አትልም። የገዛ ንብረቷ ነው የተመለሰላት።