ሦስተኛው ጥሪ

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው፤ ቤቱ ገደል አፋፍ ላይ። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ፣ ቀትር በሆነ ቁጥር ከገደሉ ውስጥ ስሙን የሚጠራ ድምፅ ይሰማ ጀመር። የሚያስፈራው ምኑ መሰለህ ልጄ፣ ድምፁ የራሱ ነበር። ረጋ ብሎ ሁለት ጊዜ ይጠራዋል። ከዚያ ዝም።

ሰውየው ጨነቀውና ለጽዋ ማኅበሩ ሰዎች ነገራቸው። ክፉዎች አልነበሩም፤ ግን ደነገጡ። በአገሩ ልማድ የጠራህን ካላወቅህ ሦስተኛውን ሳትሰማ «አቤት» አትልም፤ ክፉ መንፈስ ሦስት ጊዜ አይጠራም ይባላልና፤ ሁሉም ያንኑ መከሩት። አንዱ ጠበል ሰጠው። ሌላው፣ ጎልማሳ ነው፣ ይህን ነገር ለማንም እንዳታወራ አለው። ሰውየውም እሺ ብሎ ቤቱ ገባ። ለካስ ሦስተኛውን እንዲጠብቅ አስተምረውት ኖሯል! በየቀኑ ይቆጥራል፤ አንድ፣ ሁለት። እህል አስጠላው፣ ሰው ሸሸ፣ ከማኅበሩም ቀረ።

የማኅበሩ መሪ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በማኅበሩ ቀን የሰውየውን ባዶ መቀመጫ አዩና ጽዋው ሳይቀመስ ብድግ አሉ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ሲደርሱ ፀሐይ አናት ላይ ነች፣ ወፍ እንኳ አይሰማም። ሰውየው አፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያዳምጣል።

ሽማግሌው አጠገቡ ቆሙና ማንም ያልጠየቀውን ጠየቁት። «ልጄ፣ ልትሞት አስበሃል?»

«አዎ፣ አባባ። ሦስተኛውን እየጠበቅሁ ነው።»

ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። እነሱ ምንም አልሰሙም፤ እሱ ግን ጣቶቹን ያጥፍ ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አፉን ሊከፍት ሲል ሽማግሌው እጁን ጨብጠው «አቤት!» አሉ። የማኅበሩ ሰዎችም ሁሉ «አቤት!» አሉ። ገደሉ አስተጋባ፤ ሰውየው በዚያ ሁሉ ድምፅ መሀል የራሱን ለይቶ መስማት አቃተው። እዚያው ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

በማግስቱም ድምፁ ጠራው። ሰውየው ግን ብቻውን አልነበረም። ጽዋውን በየተራ እንደሚያወጡት፣ ቀትር ቀትሩን በተራ አብረውት ተቀመጡ። ጤና ጣቢያ ወስደው መድኃኒት አስጀመሩት፤ ጠበሉንም አልከለከሉትም። ድምፁ ቶሎ አልተወውም፤ ቀስ በቀስ ራቀ።

እንግዲህ አንተ አዲስ ቄስ ነህ፤ ራሴን ላጥፋ የሚል ሰው ቢመጣብኝ ምን ላድርግ ብለኸኛል። ገደሉ ሐዘኑ ነው፣ ድምፁም ሕመሙ። «አቤት» የሚልለት ግን ጉባኤህ ነው። መስቀል አሳልመህ ብቻ አትሸኘው። በግልጽ ጠይቀው፣ ሐኪም ዘንድ አብረኸው ሂድ፣ ምእመናኑንም በተራ አስቀምጥለት። እንዲያወራም ተወው። ያን ጊዜ «ለማንም እንዳታወራ» ያለው ጎልማሳ፣ ልጄ፣ እኔ ነበርሁ።