ምንም የማትበላው መኪና

አንድ የላዳ ሾፌር ነበር፤ ላዳው ብታረጅም ምላሱ ግን ያላረጀ። የሚኖርበት ኮንዶሚኒየም ሊቀመንበር አቶ ልዑልሰገድ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ከገዙ ወዲህ ወሬያቸው ሁሉ ስለ እሷ ሆነ። ከሥራ ሲመለሱ ገመዷን ደረጃው ሥር ካለው ሶኬት ላይ ይሰካሉ። የደረጃው መብራት የሚቆጥረው በጋራ ቆጣሪ ነው። አርባው አባወራ የመብራት መዋጮው ለምን እንደናረ አሳምሮ ያውቃል፤ ሊቀመንበሩን ደፍሮ የሚናገር ግን ጠፋ።

እሁድ ጠዋት በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ሾፌሩን አስነሱት።

«በል ለተሰብሳቢው ንገር፤ ላዳህ በወር የስንት ብር ቤንዚን ትጠጣለች?»

«የአሥራ ሁለት ሺህ ብር፣ ጋሼ። የሰልፉን መከራ ሳንቆጥር።»

«ሰማችሁ? የእኔዋ አምስት ሳንቲም አታስወጣኝም! እንግዲህ የቷ እንደምትሻል በገዛ አፍህ መስክርና ያቺን ጭሳም ቆርቆሮ ከግቢያችን አውጣልን።»

ሾፌሩ ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሳ።

«እውነት ነው ጋሼ፣ የእርስዎዋ ትሻላለች። ላዳዬን ዛሬውኑ አወጣለሁ።»

አቶ ልዑልሰገድ ደስ ብሏቸው ሊቀመጡ ሲሉ ሾፌሩ መዳፉን ዘረጋላቸው።

«የእኔን ቤንዚን የምከፍለው ብቻዬን ነው፤ ለእርስዎዋ ግን አርባ ቤት በየወሩ ያዋጣል። አርባ ቤት የሚያዋጣበት ነገር ደግሞ ዕቁብ ነው። የመጀመሪያውን ዙር እርስዎ በልተዋል። በሉ ቁልፉን ወዲህ ይበሉ፤ አሁን ተራው የእኔ ነው።»