የሬዲዮ ሠሪው ቀዳዳ ጫማ

ፊታውራሪ ጓንጉል ለልጃቸው ሠርግ ያስመጡት የጊታር ማጉያ፣ ገና ሳይዘፈንበት እንደ ንብ ቀፎ እምምም ይል ጀመር። ሙሽራው ሊገባ ጥቂት ሲቀረው የሰፈሩ ሬዲዮ ሠሪ በጥድፊያ ተጠራ። ውሃ ወደተረጨው ዳስ ሲገባ ፊታውራሪ ከእግር እስከ ራሱ ገረመሙት።

«በዚህ በተበሳ ጫማ ነው ግቢዬን የረገጥከው?» ብለው እንግዶቹን አሳቁበት።

ሠሪው ማጉያውን ከፈተ። እንደ አምፖል የሚበሩትን ቫልቮች አንድ በአንድ በእርሳስ ኳ ኳ አደረጋቸው፤ ጥፋቱ ከእነሱ አልነበረም። ግራ ገብቶት እጁን የማጉያው ብረት ላይ ሲያሳርፍ ግን ጩኸቱ ጸጥ አለ። እንግዶቹ አጨበጨቡለት።

ፊታውራሪ ጭብጨባው አልተዋጠላቸውም። በወፍራሙ የላስቲክ ሶል ጫማቸው እየተንጎራደዱ መጡና «ዞር በል!» ብለው እሳቸውም ብረቱን ያዙ። ማጉያው እምምም አለባቸው። አንዲት አሮጊት ሳቃቸው አመለጣቸው።

ይኼኔ ፊታውራሪ ቱግ አሉ። «አንተ መተተኛ! ላንተ ዝም ብሎ ለእኔ የሚጮኸው ለምንድን ነው? አሁኑኑ ካልተናገርክ ዘብጥያ ትወርዳለህ!»

«መተት የለበትም ጌታዬ፤ ጩኸቱን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ ተበጥሶ ነው» አለ ሠሪው። «እንዲህ ያለ ዕቃ ዝም የሚለው መሬት የነካ ሰው ሲይዘው ነው። እርስዎ የሳቁበት ጫማዬ ቀዳዳ ነውና እግሬ እርጥቡን መሬት ነክቷል። እርስዎና ዕቃው ግን ሁለታችሁም ‹መሬት አይንካኝ› ብላችኋል፤ ታዲያ ማን ማንን ዝም ያሰኝ?»