«ታውቃለች» ብሎ የጻፈው መምህር

አንድ ሰው ነበረ ምእመናን። ክፉ ሰው አይደለም። በአንድ ዩኒቨርሲቲ አዋላጅ ነርሶችን የሚያስተምር፣ ጾሙን የሚጾም፣ ተማሪ የማይበድል መምህር ነበር።

አንድ ቀን ከበላይ ትእዛዝ መጣ። ተማሪዎቻችሁ ተመርቀው ሲወጡ ምን ማድረግ እንደሚችሉ ጻፉ ተባለ። «የትምህርት ውጤት» ይሉታል እነሱ። ሥራው ለዚህ መምህር ተሰጠ። ተቀመጠና ጻፈ፦ ተመራቂዋ የወሊድን ደረጃዎች ታውቃለች። ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈስበትን ምክንያት ትረዳለች። ለእናቶች ሕይወት ያላትን አክብሮት ታዳብራለች። ያምራል አይደል? ሲነበብማ ማር ነው።

ሲስተር አመለወርቅ የምትባል፣ ተግባሩን የምታስተምር ባልደረባ ነበረችው። አነበበችና ፊቷ ተለዋወጠ።

«ማወቋን ተወውና፣ ማህፀኑን በእጇ ጨምቃ ደሙን ታቆማለች ብለህ ጻፍ» አለችው።

እውነቷን እንደሆነ ልቡ ያውቃል። ግን ምን አላት? እሱን ከጻፍን እያንዳንዷን በተግባር ልንፈትን ነው፣ መለማመጃው አሻንጉሊት ተቀዷል፣ ተማሪው አዳራሽ ሙሉ ነው፣ ዘንድሮ ማንን ልናስመርቅ ነው አላት።

አያችሁልኝ? ጠፍቶት አይደለም። «ታውቃለች» ካለ በወረቀት ፈትኖ ያሳልፋታል። «ታቆማለች» ካለ ግን ስታቆም ቆሞ ማየት አለበት። የቀለለውን ጻፈ። ጸደቀለት። ልጆቹም ጋውን ለብሰው እልል ተባለላቸው።

ዓመታት አለፉ። ይህ ሰው ምንታምር የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ወረዳ ከተማ ተድራ የምትኖር። የበኩር ልጇን ልትወልድ ጤና ጣቢያ ገባች። ሕፃኑ ጮኸ፣ ደጅ የቆመው ሁሉ እልል አለ። ከዚያ ደሙ አልቆም አለ። አምቡላንስ ተጠራ፤ አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ሄዷል። አባትየው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊላት ገስግሶ ሲደርስ ልጁ ተሸፍናለች።

አዋላጇ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ቀና ስትል አወቃት። የራሱ ተማሪ ናት። ዘቢደር ትባላለች፤ በሱ ትምህርት ከክፍሏ አንደኛ የወጣች።

«ደም የሚፈስበትን ምክንያት አላስተማርኩሽም?» አላት።

«አስተምረውኛል መምህር። ምክንያቱ አራት ነው። እዚያ ቆሜ አራቱንም እያስታወስኩ ነበር።» እጆቿን አየቻቸው። «በእጄ ግን አንድም ቀን አድርጌው አላውቅም። አድርጊ ያለኝም የለም።»

ሊቆጣት ፈልጎ ነበር። ግን ልክ እሱ እንደጻፈው ሆናለች። ታውቃለች አለ፤ አወቀች። ልጁን ወስዶ ቀበረ። ሲስተር አመለወርቅም ለቀብሩ መጣች፤ አጠገቡ ተቀምጣ አብራው አለቀሰች።

እናንተዬ፣ እኔን ስለ ዩኒቨርሲቲ ምን አገባኝ? እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ዐውደ ምሕረት ነው። ስንት ዘመን ነው የምትሰሙት? ይቅርታ ምን እንደሆነ አታውቁም? ታውቃላችሁ። ብጠይቃችሁ ከኔ አስበልጣችሁ ትመልሳላችሁ። እዚሁ መካከላችሁ ግን በአባታቸው ቤት ውርስ ተጣልተው የአባታቸውን ተዝካር ለየብቻ ያወጡ ወንድማማቾች አሉ። ሁለቱም ያስቀድሳሉ። ስለ ይቅርታ ስሰብክ ሁለቱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዱ ሲሞት ሌላው ሬሳው ላይ ወድቆ «ወንድሜ» ሊል ነው።

ከዚህ ስትወጡ ምን ማድረግ ትችላላችሁ? ማወቃችሁን ተዉት። የማንን ደጅ ታንኳኳላችሁ? ማንን አንገቱን አቅፋችሁ ትስማላችሁ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተስፋዬ ተሟጧል። ባለፈው ዓመትም ይህንኑ ጠይቄያችሁ ነበር፤ እልል ብላችሁልኝ ወደየቤታችሁ ሄዳችሁ።

ዛሬ እልል አትበሉልኝ። «ቃለ ሕይወት ያሰማልን»ም አትበሉኝ። አንዳንዶቻችሁ ስታለቅሱ ከዚህ ሆኜ አያለሁ። ዘቢደርም አልቅሳለች። እንባዋ ግን ደሙን አላቆመውም።