ግራዝማችና የባልቴቷ ንቦች

ስሙኝማ ልጆቼ፤ በጎመኗና በጤናዳሟ መሃል ለንቦቿ ብላ የሜዳ አበባ የምትተው አንዲት ባልቴት ነበረች። ከማራቸው የምትጥለው ጠጅማ ምኑ ይወራል! የምትኖረው በግራዝማች ውብነህ መሬት ነው፤ ከጠጇም የማይለዩት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ታዲያ ጓሮዋ ገብተው ሲንጎራደዱ ንብ አፍንጫቸውን ነደፈቻቸው። አይ አፍንጫ! ቅል አክሎ ቁጭ።

«ይህን አረም ዛሬውኑ ንቀይ! ነገ አንዲት አበባ፣ አንዲት ንብ ባይ አንቺም ከመሬቴ ትነቀያለሽ!» ብለው ጮኹ።

እሷም እጅ ነስታ፣ «እሺ ጌታዬ፣ እነቅላለሁ፤ ንቦቹንም አባርራለሁ። ብቻ ለፋሲካ ጠጅ ሲያምርዎት፣ ሜዳ ወርደው አበባ ለአበባ እየዞሩ ማሩን የሚያመጡልኝ እርስዎ ነዎት» አለቻቸው።

ግራዝማች ያበጠ አፍንጫቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ «ተይው እንግዲህ፣ አበባው ይቆይ» አሉ።